ዘር የጫነችውን ፒክአፕ ያቆመች ሮንዴላ

በላስታ ደጋ ሰኔ ሲገባ ሁሉም ነገር ከዝናቡ ጋር ይሽቀዳደማል። ማዳበሪያውም ሆነ ምርጥ ዘሩ ከመጋዘን ወጥቶ ገጠር ቀበሌ መድረስ ያለበት መንገዱ ሳይጨቀይ ነው። በዚሁ ወቅት ለሥራ ከላልይበላ ወደ ኩልመስክ የተጓዝንባት በናፍጣ የምትሠራ ፒክአፕም የስንዴ ዘር ጭናለች። ኩልመስክ ከተማ ደርሰን ምሳ ለመብላት ስንወርድ ታዲያ ከሞተሯ ሥር መሬቱ ረጥቦ አየን። ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ሹፌሩ ተንበርክከው በጣታቸው ነኩና አሸተቱት። የሞተር ዘይት ነው። ዘይቱ ከተቀየረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዘሩን የሚጠብቁት አርሶ አደሮች ደግሞ ያሉት ከኩልመስክ ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ጉዞውን መቀጠል ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚል ነው። መልሱ ያለው የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ካለፈው በኋላ ዘንጉ ተጠርጎ ይታያል። በብዙ ፒክአፖች በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ከ1 እስከ 1 ነጥብ 5 ሊትር ነው። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ከወረደ ሳይሞሉ ሞተር ማስነሳት አይገባም። ብዙ አሽከርካሪዎች ቀዩ የዘይት መብራት እስኪበራ ይጠብቃሉ። መብራቱ ግን በአብዛኛው የሚበራው የዘይቱ ግፊት ሲወድቅ ነው፤ ያኔ ብረት ከብረት መፋተግ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

የእኛዋ መኪና ዘይት ገና መሐል ላይ ነበር። ሹፌሩ ግን አልቸኮሉም። የሞተሩን ሥር በጨርቅ አደረቁና ሞተሩን አስነስተው ጠበቁ። ማፍሰሻው ቡሎን ያለው በዘይት ማጠራቀሚያው ታችኛ ክፍል ስለሆነ ከፊልትሮውም ሆነ ከላይ ካለ ጎርኒሲዮን የሚወርድ ዘይት እርሱ ላይ መጥቶ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበው ቦታ ነው። እዚህ ግን ጥፋተኛው ራሱ ቡሎኑ፣ በትክክል ለመናገር ከሥሩ ያለችው ሮንዴላ ሆና ተገኘች።

(ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ ጎርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፤ የጋራዥ ቋንቋችን ዛሬም ጣሊያንኛ ነው።)

ዘይቱን አጥብቃ የምትይዘው ይህች ቀለበት ናት። ከመዳብ ወይም ከአሉሚኒየም የምትሠራው ለስላሳ እንድትሆን ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ትጨፈለቅና ክፍተቱን ትሞላለች። አንዴ ከተጨፈለቀች ግን ትጠነክራለች፤ ሁለተኛ ጊዜ ስትገጠም ክፍተቱን በደንብ አትሞላም። ዘይት በተቀየረ ቁጥር በአዲስ መተካት ያለባት ለዚህ ነው። ዘይቱን የቀየረው ሰው ያችኑ አሮጌዋን መልሶ፣ በጉልበት አጥብቆ ሸኝቷል።

በከተማዋ ሱቆች ጠይቀን የልኳን አላገኘንም። ሹፌሩ ከመሣሪያ ሣጥናቸው አንድ አሮጌ የመዳብ ሮንዴላ አወጡና ቡና ወደምታፈላ ሴት ሄዱ። ፈቃዷን ጠይቀው ሮንዴላዋን በሽቦ ይዘው ፍሙ ውስጥ ከተቷት። ደብዘዝ ያለ ቅላት እስክትይዝ ጠብቀው አውጥተው አቀዘቀዟት። መዳብ እንዲህ ሲግል የተጨፈለቀበትን ጥንካሬ ይተውና እንደገና ይለሰልሳል። በላይዋ የተፈጠረውን ጥቁር ቅርፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። ይህ ለመዳብ ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ በፍም ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ከዚያ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው ጎማዎቿን በድንጋይ አስደገፉ። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል፤ በላስታ ተዳፋት ደግሞ ይብሳል። ዘይቱ እንዳያቃጥል እስኪበርድ ጠብቀው ቡሎኑን ፈቱት። ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ሞተር ሃይሉክስ ወደ 7 ሊትር ዘይት ትይዛለች፤ የእኛዋም ከዚያ ብዙ አታንስም። ዘይቱ አዲስ ስለነበር በንጹሕ ዕቃ ተቀብለው፣ አቧራ እንዳይገባበት ከድነው አቆዩትና በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው መለሱት።

ቡሎኑን መጀመሪያ ያዞሩት በጣታቸው ነው። ብዙ ዙር በጣት ካልገባ ጥርሱ ተዛንፏል ማለት ነው፤ በቁልፍ ማስገደድ አይገባም። መጨረሻ ላይ በአጭር ቁልፍ፣ በአንድ እጅ አጠበቁት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቡሎን ሲንጠባጠብ እጃችን የሚቀድመው ወደ ማጥበቅ ነው፤ ቁልፉ ላይ ቧንቧ የሚሰካም አለ። ጥርሱ ሲበላ ግን ነገሩ ከሮንዴላ ያልፋል። ወፈር ያለ ጥርስ አውጪ ቡሎን ለጊዜው ያደርሳል፤ ዘላቂው መፍትሔ ማጠራቀሚያውን አውርዶ ጥርሱን እንደገና ማውጣት ነው። የብረቱ ፍቅፋቂ ውስጥ እንዳይቀርም መታጠብ አለበት። ሲሊኮን መለጠፍ ደግሞ ጭራሽ አይመከርም፤ ቁርጥራጩ ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

መሬት ላይ የፈሰሰውን ሹፌሩ በአመድ ሸፍነው ጠርገው ሰበሰቡት። የተቃጠለ ዘይት ብረታ ብረት ያዘለ ነው፤ ወደ ምንጭና ማሳ መውረድ የለበትም። የተያዘበት ጀሪካንም ለውኃ ወይም ለእህል መመለስ አይገባውም። ዘር ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ፍሬውን ሸፍኖ ውኃና አየር ይከለክለዋል፤ ብቅለቱ ይጎዳል። ሹፌሩ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ የዘሩን ጆንያ ያልነኩት ለዚህ ነው።

ሞተሩን አስነስተው አምስት ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ አጥፍተውም ዘንጉን አዩ። ከኩልመስክ ወጥተን የመጀመሪያውን ዳገት እንደጨረስን ደግሞ መኪናዋን አቆሙና ሥሯ ገብተው ቡሎኑን በጣታቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነው። ከመሸ በፊት ጆንያዎቹ ወረዱ፤ ዝናቡ የጀመረው ስንመለስ ነው።