ከቶምሰን በኋላ ማን?

“ከጃንሆይ በኋላ ማን?” ታላላቆቻችን በአዲስ አበባ በሹክሹክታ ይጠያየቁት የነበረ ጥያቄ ነው። ዋሽንግተን ዲ.ሲ. የከረመ ሐበሻ ደግሞ የዚህን ጥያቄ ወንድም ያለ ሹክሹክታ፣ በሬዲዮ፣ በፀጉር ቤትና በታክሲ ተራ ሲጮህ ሰምቷል። ከቶምሰን በኋላ ማን? ጉዳዩ የዙፋን አይደለም። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ሆያስ የሚባለው፣ የአሠልጣኝ ወንበር ጉዳይ ነው። ያከራከረው ግን እንደ ዙፋን ነው። ከ1999 ወዲህ ጥያቄው አራት ጊዜ ተመልሷል፤ ከአራቱ መልሶች ሦስቱ የወጡት ከአንድ ሰው ቤት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለአሜሪካ ስፖርት አዲስ የሆነ አንባቢ “አንድ የኮሌጅ አሠልጣኝ ቢቀየር ምን ያህል ነገር ነው?” ሊል ይችላል። የኮሌጅ ተጫዋች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሄዳል። የሚቀረው አሠልጣኙ ነው። ተጫዋቹን ከእናቱ ሳሎን ድረስ ሄዶ የሚያመጣው፣ “ልጅሽን አደራ ስጪኝ” የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ ደጋፊው የሚወደው ቡድን መልክ ተጫዋቾቹ ሳይሆኑ አሠልጣኙ ይሆናል።

ጆን ቶምሰን የዚሁ ከተማ ልጅ ነበሩ። በ1941 በዲ.ሲ. ተወለዱ፤ በፕሮቪደንስ ኮሌጅ ተጫወቱ፤ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ከስምንት ስለነበረ በቦስተን ሴልቲክስ የታላቁ የቢል ራስል ተጠባባቂ ሆነው ሁለት ዓመት ቆዩ። ከዚያም ተመልሰው በአንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያሠለጥኑ በ1972 ጆርጅታውን ጠራቸው። ቡድኑ ያን ዓመት 3 ጊዜ አሸንፎ 23 ጊዜ የተሸነፈ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የጀስዊት ካህናት ያቋቋሙት፣ ያኔ የነጭ ባለጠጋ ልጆች ትምህርት ቤት ነበር። በ1838 የሜሪላንድ ጀስዊቶች 272 ሰዎችን በባርነት ሸጠው ከዋጋው ከፊሉ የዚሁ ትምህርት ቤት ዕዳ ተከፍሎበታል። አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር በነበረው በዚህች ከተማ፣ ጆርጅታውን በኮረብታው ላይ እንደ ሌላ አገር የሚታይ ግቢ ነበር። ቶምሰን የገቡት እዚያ ነው።

አቀባበሉም ሞቅ ያለ አልነበረም። በ1974-75 የውድድር ዘመን ቡድኑ ሽንፈት ሲደራረብበት፣ በራሱ ሜዳ በመክዶኖ ጂምናዚየም መስኮት የአልጋ አንሶላ ተንጠለጠለ። በላዩም ቶምሰንን በቆዳ ቀለማቸው እየሰደበ “ይባረር” የሚል ተጽፎበታል። የመጀመሪያው የተተኪ ክርክር እንግዲህ የተከፈተው ገና በሦስተኛ ዓመታቸው ነበር ማለት ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ጆርጅታውን ከ1943 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ገባ። አንሶላውም ተረሳ። ቶምሰን ግን አልረሱትም።

የተከተለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1982 በፍጻሜው ኖርዝ ካሮላይናን ገጥመው 63 ለ62 ተሸነፉ። የመጨረሻዋን ወሳኝ ኳስ ያስገባው ማይክል ጆርዳን የተባለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። በቀሩት ሰከንዶች የጆርጅታውኑ ፍሬድ ብራውን ኳሷን በስሕተት ለተቃራኒ ተጫዋች አቀበለ፤ ጨዋታው እንዳለቀ ቶምሰን ልጁን እቅፍ ሲያደርጉት አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። በ1984 ሂዩስተንን 84 ለ75 አሸንፈው ዋንጫውን ሲያነሱም ያንኑ ብራውንን አቀፉት። በዚያ ምሽት የዚህን ደረጃ ዋንጫ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆኑ። “የመጀመሪያው” መባሉን ግን አልወደዱትም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ዕድሉን ስላላገኙ እንጂ ችሎታ አንሷቸው አይደለም ሲሉ ተከራከሩ።

ነጭ ፎጣ በትከሻቸው ጣል አድርገው ሲቆሙ የሚፈሯቸው ብዙ ነበሩ። ጋዜጠኛ ተጫዋቾቻቸውን እንደ ልቡ እንዲያነጋግር አይፈቅዱም፤ ድምፃቸው ያስደነግጣል። ለመጤ ወላጅ ግን ሌላ ቁም ነገር ነበራቸው። ከአሠልጣኞቹ ጎን በወንበር የምትቀመጠው ሜሪ ፌንለን የቀድሞ መነኩሲት ስትሆን ሥራዋ የልጆቹን ትምህርት መከታተል ነው። አራት ዓመት ከቆዩት 77 ተጫዋቾች 75ቱ በዲግሪ ተመርቀዋል። በቢሯቸው አየሯ የወጣ ኳስ አኑረው፣ ይህች አየር ስታልቅ በእጅህ ምን ይቀራል እያሉ ልጆቹን ይጠይቁ ነበር። ከኪንሻሳ በ1987 ሐኪም ለመሆን የመጣው ዲኬምቤ ሙቶምቦ በቋንቋና በዲፕሎማሲ ተመርቆ የወጣው ከእሳቸው እጅ ነው። በ2024 ሲሞት በዚህ አገር ያለ አፍሪካዊ ሁሉ የገዛ ዘመዱ የሞተበት ያህል አዝኗል። “ተማር፣ ኳሱ ይደረስበታል” የሚል አባት ባለበት የሐበሻ ቤት፣ ጆርጅታውን በጃኬት ላይ ብቻ የሚለበስ ስም አልነበረም።

በጥር 1989 የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.፣ የመግቢያ ፈተና ነጥብና የትምህርት ውጤት መመዘኛውን በሙሉ ያላሟላ ወጣት በመጀመሪያ ዓመቱ የነፃ ትምህርት ዕድል እንዳያገኝ የሚያደርግ ደንብ አጸደቀ። የሚጎዳው የድሃ ልጅ፣ በተለይም ጥቁሩ መሆኑን ቶምሰን ተናገሩ። ከቦስተን ኮሌጅ ጋር ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከሜዳው ወጥተው ሄዱ፤ የሚቀጥለውንም ጨዋታ አላሠለጠኑም። ማኅበሩ ደንቡን ለማቆየት ተገደደ። ከሥራው በፊት ወንበሩን ትቶ የሚወጣ አሠልጣኝ መተካት ነው እንግዲህ ችግሩ። የማሸነፊያ ዘዴ የሚያውቅ ሞልቷል።

በጥር 8 ቀን 1999፣ በውድድሩ አጋማሽ፣ ቶምሰን በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት መልቀቃቸውን አስታወቁ። 27 ዓመት፣ 596 ድል፣ 239 ሽንፈት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማው ደጋፊ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን “የቤት ልጅ ይሁን” አለ። ሥርዓቱን የሚያውቅ፣ ልጆቹ የሚያውቁት፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው ዓይነት ነው። ሌላው ወገን ቡድኑ ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንደ ደከመ እያነሣ፣ ስም ያለው አሠልጣኝ ከውጭ ይምጣ ይላል። ጮክ ብለው ባይናገሩትም ሦስተኛ ነገር የሚያብላሉም ነበሩ፦ ያ ወንበር ለጥቁር አሠልጣኞች የተከፈተ በር ነውና ተመልሶ እንዳይዘጋ።

ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ያለውን መረጠ። ክሬግ ኤሸሪክ በቶምሰን ሥር የተጫወተ፣ በሕግ የተመረቀ፣ ለብዙ ዓመታት ረዳታቸው የነበረ ነጭ ሰው ነው። በ2001 ቡድኑን ከመጨረሻዎቹ 16 ውስጥ አስገባ። ከዚያ በኋላ ግን ወደዚያ ውድድር አልተመለሰም፤ በመጋቢት 2004 ተሰናበተ። በደጋፊው ፊት የነበረበትን ፈተና አስቡት። ቶምሰን ከወንበሩ ቢነሡም ከከተማው አልወጡም። ከ1999 እስከ 2012 በዚሁ ከተማ የሬዲዮ ፕሮግራም ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ታክሲ የሚነዳ የእኛ ሰው ያንን ጎርናና ድምፅ ያውቀዋል። ተተኪው ማታ ሲሸነፍ፣ በማግሥቱ የቀድሞው ጌታ በሬዲዮ ላይ ናቸው።

ነገሩ የጆርጅታውን ብቻ አይደለም። በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ጆን ውደን በ12 ዓመት ውስጥ 10 ዋንጫ ወስደው በ1975 ሲያርፉ፣ የተካቸው ጂን ባርቶው 52 ጊዜ አሸንፎ 9 ጊዜ ብቻ ቢሸነፍም የደጋፊውን አፍ መቻል አቅቶት በሁለት ዓመቱ ጥሎ ሄደ። የኖርዝ ካሮላይናው ዲን ስሚዝ በ1997 ሲለቁም ረዳታቸው ተተካ፤ ከዚያ የቀድሞ ተጫዋቻቸው፤ ነገሩ የተስተካከለው ግን በ2003 ሮይ ዊልያምስ ሲመጣ ነው። እሱም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ልዩነቱ ካንሳስ ሄዶ 15 ዓመት የራሱን ቤት ያስተዳደረ መሆኑ ነው። ሦስት ዋንጫ አመጣ።

ጆርጅታውን በ2004 ያመጣውም ይህን የሚመስል ሰው ነው፤ ልዩነቱ ሥጋ መሆኑ ብቻ። ጆን ቶምሰን ሣልሳዊ የአሠልጣኙ የበኩር ልጅ ነው። ደጋፊው ሲሰማ ግማሹ አጨበጨበ፤ ግማሹ “አልጋ ወራሽ ነው እንዴ የሚሾመው?” አለ። ልጁ ግን የአባቱን ኳስ አልተማረም። ፕሪንስተን ተምሮ፣ እዚያው አሠልጥኖ፣ አባቱ በግፊትና በጉልበት ያሸንፉ የነበረውን እሱ በቅብብልና በትዕግሥት ማሸነፍን ይዞ መጣ። በ2007 ኖርዝ ካሮላይናን በተጨማሪ ሰዓት 96 ለ84 አሸንፎ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ። በዚያ ቡድን ውስጥ የ1984ቱ ጀግና የፓትሪክ ዩዊንግ ልጅ፣ ፓትሪክ ትንሹ፣ ይጫወት ነበር። አባትየው ቶምሰን ከሜዳው ዳር ቁጭ ብለው ያያሉ። እንዲህ ያለ ዓመት ለደጋፊ በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው።

ከዚያ የአባት ዕዳ ለልጅ ሆነ። ጆርጅታውን በየዓመቱ ከትንንሽ ትምህርት ቤቶች ጋር እየተጋጠመ ይወድቅ ጀመር። በ2008 ዴቪድሰን፣ በ2010 ኦሃዮ፣ በ2013 ከምድቡ 15ኛ ተብሎ የተመደበው ፍሎሪዳ ገልፍ ኮስት፣ ያኔ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት የነበረ ኮሌጅ። የመጨረሻዎቹ ሁለት የውድድር ዘመኖች ከድላቸው ሽንፈታቸው በዛ። በ2017 የራሱ ደጋፊዎች በአንድ ድምፅ “ቶምሰን ይባረር” እያሉ ሲጮኹ ተሰሙ። ከ42 ዓመት በፊት በአንሶላው ላይ የተጻፈው ስም ነው። ጯሂዎቹ ልጁን ማለታቸው ነበር፤ አንሶላውንም አብዛኞቹ አያውቁትም። ሽማግሌው ግን በሕይወት ነበሩ። በመጋቢት ወር ልጁ ተሰናበተ፤ 278 ጊዜ አሸንፎ 151 ጊዜ ተሸንፎ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሦስቱ የቤት ወራሾች የተሻለው እሱ ነው፤ ስሙ ሌላ ቢሆን ኖሮ ደጋፊው ዛሬ በናፍቆት ባነሣው ነበር።

ቀጥሎ ምን ይደረግ? ሁለት ጊዜ ከቤት ተሞከረ፤ “አሁንስ ከውጭ” የሚለው ወገን ጊዜው የእኛ ነው አለ። ዩኒቨርሲቲው ፓትሪክ ዩዊንግን አመጣ! ማን እምቢ ይላል? በ12 ዓመቱ ከጃማይካ የመጣ ስደተኛ፤ እናቱ በ1983 ስትሞትበት ምኞቷን ለመፈጸም የባለሙያዎቹን ሚሊዮን አቆይቶ በ1985 ዲግሪውን የያዘ ልጅ። በባለሙያዎቹ ሊግ 15 ዓመት ያህል ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ ዋና አሠልጣኝ ግን ሆኖ አያውቅም። ይህን ያነሣ ሰው በ2017 ሰሚ አልነበረውም።

ቶምሰን በነሐሴ 2020 በ78 ዓመታቸው አረፉ። በመጋቢት 2021 የዩዊንግ ቡድን ሳይጠበቅ የቢግ ኢስትን ውድድር አሸነፈ፤ የፍጻሜው ጨዋታ የዋለው ሽማግሌው ከተቀጠሩ ልክ በ49ኛ ዓመቱ፣ መጋቢት 13 ቀን ነው። (በዚያው ሰሞን የማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጥበቃዎች ዩዊንግን መታወቂያ እያሉ ያስቆሙት ነበር፤ መለያው በጣራው ላይ ተሰቅሎ ባለበት አዳራሽ!) በሚቀጥለው ዓመት ግን በቢግ ኢስት 19 ጊዜ ተጫውተው 19 ጊዜ ተሸነፉ። ተከታታዩ የሊግ ሽንፈት በ2023 መጀመሪያ እስኪሰበር 29 ደረሰ። በመጋቢት 2023 ዩዊንግም ተሰናበተ። ሲያባርሩት በደስታ የጮኸ ደጋፊ አልሰማሁም። ሐውልቱን በገዛ እጅ ማፍረስ ይመስላል።

በዚህ መሀል ጨዋታው ራሱ ተለወጠ። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙ ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደለት፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወርም ቀለለ። ሳሎን ገብቶ የአራት ዓመት አደራ የሚቀበል አሠልጣኝ ዛሬ በየዓመቱ አዲስ ቡድን ይገዛል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። “የቤት ልጅ” የሚለው ክርክርም ቤቱ ራሱ ሲጠፋ መልኩን ለወጠ።

አራተኛው መልስ ከውጭ መጣ። ኤድ ኩሊ ለ12 ዓመት የፕሮቪደንስ አሠልጣኝ ነበር። የዚያው ከተማ ተወላጅ ሆኖ በአንድ ሊግ ወዳለ ተፎካካሪ መሄዱን የፕሮቪደንስ ደጋፊ እንደ ክህደት ቆጠረው፤ በጥር 2024 ከጆርጅታውን ጋር ሲመለስ በጩኸት ተቀበሉት። እንግዲህ የቶምሰን ቤት ሰው አይደለም የተባለው ሰው የተገኘው ከቶምሰን የገዛ ኮሌጅ ነው።

ክርክሩ በእሱም ላይ ቀጠለ። ጊዜ ይሰጠው የሚሉት፣ ቶምሰንም በመጀመሪያ ዓመታቸው 12 አሸንፈው 14 ተሸንፈዋል ይላሉ። የማይዋጥላቸው ደግሞ ቁጥሩን እስከ ጫፉ ይቆጥሩላቸዋል፦ ቶምሰን የተረከቡት 3 ጊዜ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር፤ ኩሊ 7 ያሸነፈውን ተረክቦ በመጀመሪያ ዓመቱ 9 አሸነፈ፣ 23 ተሸነፈ። ያኛው ወገን ይመልሳል፦ በሁለተኛው ዓመት 18 አሸንፎ 16 ተሸንፏል።