በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ የተሸሸገችው «ኧ»

ቂርቆስ ሰፈር ባለው ቤታችን አንድ ማታ ልጃችን የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ሲያነብ፥ ሙዝን በእንግሊዞች ስም «በናነ» ብሎ ጠራው። እኛም ሦስት ጊዜ የተጻፈውን «ኤ» የሚባል ፊደል በጣታችን እያሳየን «ባናና በል!» ብለን ተቈጣነው። ልጁም ዝም አለ፤ ከዚያም ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ተወ። ኋላ መዝገበ ቃላት ብንገልጥ የተሳሳትነው እኛ ሆነን ተገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አንዱ ክፍል በርትቶ ሲነገር ሌሎቹ ይደክማሉ፤ በደከመውም ስፍራ አናባቢው፥ ፊደሉ ምንም ቢሆን፥ ብዙ ጊዜ ወደ አንዲት አጭር ድምፅ ይለወጣል። ሊቃውንት ከዕብራይስጥ በተወሰደ ስም «ሽዋ» ይሏታል፤ ከሸዋ አገር ጋር ግን ዝምድና የላትም።

ይህች ድምፅ ለእኛ ልጆች እንግዳ አይደለችም። ከግዕዙ ፊደል፥ ማለት ከ«በ»፥ ከ«ለ»፥ ከ«መ» ድምፅ እጅግ ትቀርባለች። «አ» በአማርኛ እንደ ራብዑ ስለሚነገር፥ ብቻዋን ስትሆን «ኧ» ተብላ ትጻፋለች። «መታ»ንና «ማታ»ን የሚለይ ሕፃን ጆሮው ተዘጋጅቶለታል። (ይህን ያልለየ የችሎት ጸሐፊ የምስክርን ቃል ምን ሊያደርገው እንደሚችል እኛ በሥራችን እናውቀዋለን።)

እንዲያውም አፋችን ሳያውቀው ለምዷታል። «ዶክተር» እንላለን እንጂ እንደ ጽሕፈቱ «ዶክቶር» አንልም፤ «ሰርከስ»ም እንደዚሁ ነው። «ፖሊስ»ን ግን እንግሊዞች «ፐሊስ»፥ «ሶፋ»ን «ሶፈ» ይሏቸዋል። የውጭን ቃል በጆሯችን ማበጀት የቈየ ልማዳችን ነው፤ የካዛንቺስ ስም እንኳ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች፥ ከ«ካዜ ኢንቺስ» የመጣ ነው። በአማርኛ ስንናገር ይህ ነውር የለውም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፥ በሁለተኛ ደረጃም ማስተማሪያ እንዲሆን ስላደረገው፥ ጮኾ ማንበብ የፈራ ልጅ የሚጐዳው በአንድ ቃል ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ልጁ በበረታው ክፍል ላይ ያጨብጭብ፤ በደከመው ስፍራ የሰማውን ደግሞ ከቃሉ በላይ በእርሳስ በፊደላችን ይጻፍ። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ግን ለብቻ ያጥና፤ ድምፅዋ በአምስቱም አናባቢ ፊደላት ውስጥ ስለምትሸሸግ ጆሮ ብቻውን አያደርስም።

እኛም ልጃችንን ይቅርታ ጠይቀን በዚህ መንገድ ጀመርን። ሳምንት ሳይሞላ የፎቶግራፍ አንሺን የእንግሊዝኛ ስም «ፈቶግረፈር» ብሎ አነበበልንና ሦስት «ኧ» እንዳለበት ነገረን። እኛ የሰማነው ሁለት ብቻ ነበር።