«በነፃ ነው የለቀቅኩት፤ ማንን ይጎዳል?»

ተረት፦ አኒሜሽኑን የምሠራው ለገንዘብ ሳይሆን ስለምወደው ነው፤ ስለዚህ የፈለግኩትን ሰው ድምፅ በኤአይ አስመስዬ ለገጸ ባሕሪዬ ብሰጥ ችግር የለውም።

ይህን አባባል የማስቀድመው ሰው ስለጎዳ ነው። ጨርሶ ከእውነት የራቀ ግን አይደለም። ብቻውን የሚሥል፣ የሚያንቀሳቅስና ድምፅ የሚያቀናብር ወጣት ለተዋናይ የሚከፍለው የለውም። ቀልደኞችም የታወቁ ሰዎችን ድምፅ ሲያስመስሉ ኖረዋል፤ ማንም ነውር አላለውም። ነገር ግን ቀልደኛው ከመድረክ ሲወርድ ማስመሰሉም ያበቃል። በኤአይ የተቀዳ ድምፅ ፋይል ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ባለቤቱ በሕይወቱ ከአፉ የማያወጣውን ቃል ያናግሩበታል።

እውነታው እ.ኤ.አ. በ2023 በ«ስካይሪም» ጌም ላይ ታይቷል። ተጫዋቾች ሠርተው በነፃ ከሚያሰራጯቸው ተጨማሪዎች መካከል የድምፅ ተዋናዮችን ድምፅ በኤአይ አስመስለው የወሲብ ትዕይንት የሠሩበት ተገኘ። ተዋናዮቹን የጠየቀ አልነበረም። ሠሪው ሳንቲም አለማግኘቱ የእነሱን ውርደት በምን ይቀንሰዋል? በ2022 መጀመሪያ ደግሞ አድናቂዎች ለአኒሜሽናቸው በነፃ ይገለገሉበት ከነበረው «ፊፍቲን ኤአይ» ከተባለ የድምፅ ማስመሰያ ድረ ገጽ የ«ማይ ሊትል ፖኒ» ካርቱን ገጸ ባሕርያት ድምፅ ተወስዶ፣ ምንጩ ሳይጠቀስ ለአንድ የኤንኤፍቲ ድርጅት ማስተዋወቂያ ዋለ። በነፃ የተለቀቀ ነገር ነጋዴ እጅ ለመግባት ፈቃድ አይጠይቅም።

«አትጨናነቁ፣ ማንም አይከሳችሁም» እያሉ ጀማሪዎችን የሚያደፋፍሩ ሰዎች ትዕግሥቴን ያስጨርሱኛል። የድምፅ ተዋናይ እንጀራው ድምፁ ነው። ቃና ቴሌቪዥን ላይ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ያሰሙንን ሰዎች በመንገድ ብናገኛቸው ላናውቃቸው እንችላለን፤ አንድ ቃል ከተናገሩ ግን እንለያቸዋለን።

«እኔ የእሱን ቅጂ አልተጠቀምኩም፤ የሰማችሁት ማሽን ነው» የሚለው መከላከያም ደካማ ነው። ዘፋኟ ቤት ሚድለር ለፎርድ ማስታወቂያ አልዘፍንም ስትል በአስመሳይ አሠሩት፤ በ1988 የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት ከእሷ ጎን ቆመ። ጉዳዩ የንግድ ማስታወቂያ ስለነበር ለትርፍ ጊዜ ሥራ በቀጥታ ይሠራል ማለት ይከብዳል። የቴነሲ ግዛት በ2024 ያወጣችው ሕግ ግን ለተመሰለ ድምፅም ጥበቃ ሰጥቷል።

ተረት፦ 3 ሰከንድ ቅጂ ይበቃል። ማይክሮሶፍት በ2023 ያስተዋወቀው «ቫል ኢ» የተባለ የድምፅ ኤአይ ከ3 ሰከንድ ናሙና የድምፁን ቀለም ይይዛል፤ ትወናውን ግን ማን ያምጣው? በ«ኦቢ ዋን ኬኖቢ» ተከታታይ ድራማ የዳርዝ ቬደርን ድምፅ ያዘጋጀው የኪየቩ ኩባንያ ሪስፒቸር፣ የገጸ ባሕሪውን ድምፅ ባለቤት አዛውንቱን ጄምስ ኧርል ጆንስን አስፈቅዶ፣ የሌላ ሰው ንግግር በእሳቸው ድምፅ እንዲሰማ አደረገ። በአማርኛ ደግሞ መጥበቅና መላላት ስለማይጻፍ፣ ጽሑፍ የሚያነብ ማሽን «አለ» ሲያገኝ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» መገመት አለበት። ራስህ ተውነህ የገዛ ድምፅህን ብትለዋውጠው የተሻለ ሥራ ይወጣልሃል፤ የምታስፈቅደውም ሰው የለም።

«አንዴ ከፈቀደልኝ አለቀ» የሚሉም አሉ። አያልቅም። የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ተዋናዮች በሐምሌ 2024 ሥራ ያቆሙት የኤአይ አጠቃቀም ፈቃድና ክፍያ ዋናው መከራከሪያቸው ሆኖ ነው። ጓደኛህም ድምፁን ሲሰጥህ ለየትኛው ገጸ ባሕሪ፣ ለየትኛው ክፍል፣ ምን እንደማይናገርበትና ፋይሉ መቼ እንደሚጠፋ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።