የመስሚያ መሣሪያው ለማን ይናገራል?

ክሊኒክ ውስጥ ተራ እየጠበቀ የስልኩን ብሉቱዝ የከፈተ ሰው አንዳንድ ጊዜ አጠገቡ የተቀመጡትን ታካሚዎች ስም ያነባል። መሣሪያውን በኮምፒውተር ስናስተካክል የታካሚውን ስም እንመዘግባለን፤ በአንዳንድ ምርቶች ያው ስም ወደ መሣሪያው ይገባና ከስልክ ጋር ለመገናኘት ክፍት በሆነ ቁጥር «የእገሊት የመስሚያ መሣሪያ» እያለ በአቅራቢያው ላለ ስልክ ሁሉ ይታያል። መሥሪያ ቤት ማንም እንዳያውቅባቸው ብለው ጸጉር የሚሸፍናትን ትንሿን የመረጡ ሴት ይህን አልፈቀዱም። ስሙን መቀየር የአንድ አፍታ ሥራ ነው። እኔ ታካሚውን ሳልጠይቅ ስም አላስገባም፤ ብዙዎቹ ሁለት ፊደል ይበቃል ይሉኛል።

ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ ግን ሌላ ነው፤ «የስልክ ወሬዬን ሰው ይጠልፈዋል ወይ?» ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን መሣሪያዋ ትንሽ ስለሆነች ርቀቱ ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከተገናኙ በኋላ በስልኩና በመሣሪያው መካከል የሚያልፈው ድምፅ በአብዛኛው የተመሰጠረ ነው። የሚያሳስበው ግንኙነቱ የሚጀመርበት ቅጽበት ነው። ሁለት ስልኮች ሲገናኙ ባለ6 አሃዝ ቁጥር ያሳዩንና «አንድ ነው?» ይሉናል። የመስሚያ መሣሪያ ስክሪን የለውም፤ ስለዚህ ይህ ማረጋገጫ ይዘለላል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ተዘግተው ሲከፈቱ ለጥቂት ደቂቃ ለአዲስ ግንኙነት ክፍት ይሆናሉ። የመጀመሪያው ማገናኘት ቤት ውስጥ እንጂ ታክሲ ውስጥ አይሁን የምለው ለዚህ ነው።

የሶፍትዌር ማሻሻያ መዝለልም ቀላል ነገር አይደለም። ኢአርኤንደብልዩ የተባለው የጀርመን የደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ኤይሮሃ የተባለ ኩባንያ በሚሠራው ቺፕ የሚሠሩ ታዋቂ የጆሮ ማዳመጫዎች፣ በብሉቱዝ ርቀት ውስጥ ባለ እንግዳ ሰው ያለ ምንም ፈቃድ ሊታዘዙ እንደሚችሉ አሳይተዋል። እነዚያ የሙዚቃ ማዳመጫዎች ናቸው። ቢሆንም እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የሚደፍነው የአምራቹ ማሻሻያ ስለሆነ ታካሚ ለክትትል በመጣ ቁጥር አዲስ መኖሩን አያለሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን፣ በሥራዬ የማየው ገመና ሲወጣ የሚወጣው በሌባ እጅ ሳይሆን በሚወዱን ሰዎች በኩል ነው።

ዘመናዊ መሣሪያ ንግግር ባይቀዳም በቀን ስንት ሰዓት እንደተደረገ፣ ጸጥታ ውስጥ ይሁን ጫጫታ ውስጥ፣ ድምፁ ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደተደረገ ይመዘግባል። ልጅ አባቷን ይዛ ትመጣለች። እሳቸው ወንበር ሲይዙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ አባዬ ያደርገዋል ወይ? ማሽኑ ይናገራል ብለውኛል» ትለኛለች። መሣሪያውን ሳገናኝ ስክሪኑ በቀን በአማካይ ሁለት ሰዓት ይላል። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርና «ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ መዝገብ ነው፤ ልጅዎ ትየው?» እላቸዋለሁ። «ትየው እንጂ» ብለው ራሳቸው ምክንያቱን ይነግሯታል፦ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ሳህን በተጋጨ ቁጥር ጆሯቸውን ይወጋቸዋል። ይህ በማስተካከያ የሚፈታ ነገር ነው።

ቁጥሩን በቀጥታ ለልጅቱ ብነግራት ኖሮ ቤት ሲደርሱ ክስ ይሆን ነበር። መሣሪያው እንደሚያሳጣቸው ያወቁ ታካሚዎች ሰዓት እንዲቆጥርላቸው ከፍተው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ እኔ የማስተካክለው በሐሰት መዝገብ ነው። ምስጢር መጠበቅ ከሕክምናው ተለይቶ የማይታየኝ ለዚህ ነው።

ከውጭ አገር የሚላከው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስልኩና መሣሪያው አብረው ይመጣሉ፤ ሁለቱም በልጅ ኢሜይልና በልጅ አፕል አካውንት ተከፍተው። እናት ጉለሌ ሲውሉ ስልካቸው የት እንዳለ ቨርጂኒያ ያለው ልጅ ካርታ ላይ ማየት ይችላል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ እናቱ እንዳይቸገሩ ብሎ ነው። እኔ ከርቀት ላስተካክል ስል ግን የማረጋገጫ ኮዱ ቨርጂኒያ ይሄዳል፤ እዚህ ረፋድ ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው። ስለዚህ ላኪዎችን የምለምነው፣ አካውንቱን ሳትከፍቱ ላኩልን። በእናታችሁ ስልክ ቁጥር፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እንከፍተዋለን፤ ማን ምን እንዲያይ እንደሚፈልጉም ራሳቸው ይወስናሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል፤ የእናት መረጃ የልጅ ነው የሚል ነገር የለውም።

የመምህር ማይክሮፎንንም ላንሳ። መስሚያ መሣሪያ የሚያደርግ ተማሪ በደንብ እንዲሰማ መምህሯ ደረቷ ላይ የምታደርገው ማይክሮፎን ካልተዘጋ፣ እረፍት ላይ ከባልደረባዋ ጋር የምታወራውን ሁሉ ልጁ ጆሮ ውስጥ ያስገባዋል። በድሮው ኤፍኤም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በዚያው ሞገድ ላይ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። መዝጊያውን ለመምህሯ ሳላሳይ ማይክሮፎን አላስረክብም።

ያገለገለ መሣሪያ ለሌላ መስጠትም እየተለመደ ነው። አባት ሲያርፉ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ውስጡ የሟቹ የመስማት ልክ፣ የአጠቃቀም መዝገባቸው፣ አንዳንዴም ስማቸው አለ፤ ለእሳቸው ጆሮ የተመጠነው ድምፅ ደግሞ አዲሱን ተጠቃሚ ሊጎዳው ይችላል። ከመሰጠቱ በፊት ይምጣልን፤ አጥፍተን፣ የጎረቤቱን ጆሮ ለክተን፣ እንደ አዲስ እናስተካክለዋለን።