ኩባያው ተለየ፣ መስኮቱ ተዘጋ

ከሞጆ ወደ ባቱ በሚሄድ አባዱላ ውስጥ መስኮት መክፈት ጠብ መፈለግ ነው። ቆቃን አልፈን ፀሐዩ ጣራውን ሲያግለው አንድ ወጣት መስኮቱን ስንዝር ያህል ገፋ አደረገ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የሳቡ እናት ከኋላው «ዝጋው ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል» አሉት። ዘጋው። ከመጨረሻው ወንበር አንድ ሰውዬ ያስላል። እሱን ማንም ምንም አላለውም።

እኚሁ እናት ቤት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ቢገባ መጀመሪያ የሚሆነውን መገመት አያቅትም፤ የታማሚው ኩባያ ይለያል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር እንዲህ ያለ ኩባያ አውቃለሁ። ቀለሙ የተላላጠ ቆርቆሮ ነበር፤ ከሌሎቹ ርቆ ለብቻው ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ሰውዬው ድኖ ከተነሳ በኋላ እንኳን ከምስማሩ አልወረደም።

የቲቢ ባክቴሪያ ግን በኩባያ፣ በማዕድ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። መንገዱ አየር ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲዘፍን፣ ሲያወራም ጭምር ደቃቅ ጠብታዎች ይወጣሉ። ውኃቸው ወዲያው ይተንና ባክቴሪያ የያዘ ቅንጣት ይቀራል። መጠኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እስከ አምስት ሺህኛ ቢሆን ነው። ይህ ቅንጣት ወለል ላይ አይወድቅም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። በጣም ትንሽ በመሆኑም አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፣ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል።

ይህን ያረጋገጠው ሙከራ ቀላልና ብልሃት ያለው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ባልቲሞር ከአንድ የቲቢ ማስተኛ ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ ስበው፣ ከላይ በነበሩ ጊኒ ፒጎች ላይ እንዲነፍስ አደረጉ። እንስሳቱ ታማሚ አላዩም፣ ማዕድም አልተጋሩም። ከመካከላቸው ግን የታመሙ ነበሩ። ቱቦው ውስጥ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያለፈበትን አየር የተነፈሱት ግን አንዳቸውም አልተያዙም። ክፍት መስኮት ቅንጣቶቹን ጠራርጎ ያወጣል፣ የፀሐይ ብርሃንም ባክቴሪያውን ይገድላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሁለቱም በነጻ ሞልተዋል፤ እኛ ግን «ብርድ መታኝ» እያልን ለነቀርሳ ተጠያቂውን ንፋስ አድርገነዋል።

ኩባያ ጥፋት ካለበት ጥፋቱ ያልፈላው ወተት ላይ ነው። የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ ወተቱን ማፍላት ነው፣ ኩባያውን መለየት አይደለም።

ባክቴሪያው የገባበት ሁሉ አይታመምም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ተሸክሞታል ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ100 ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ኤችአይቪ፣ የስኳር በሽታና የምግብ እጥረት ግን የተኛውን ይቀሰቅሱታል።

መድኃኒቱ ወራት የሚፈጀው ባክቴሪያው ዘገምተኛ ስለሆነ ነው። የአንጀት ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ለሁለት ሲከፈል የቲቢው 20 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ያንቀላፋል። መድኃኒት በደንብ የሚይዘው ደግሞ የሚባዛውን ነው። ስለዚህ በተለመደው ሕክምና ለሁለት ወር አራት መድኃኒት (ራይፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል) በአንድ እንክብል ተዋህዶ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ አራት ወር ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ። በአንድ መድኃኒት ብቻ ቢሞከር ከሚሊዮኖች መካከል በአጋጣሚ የማይበገረው አንዱ ይተርፍና ሳንባውን ይወርሰዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሽንቱ ብርቱካን መስሎ ሲወጣ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ደም አይደለም፤ የራይፋምፒሲን ቀለም ነው፣ እንባንም ላብንም ያቀልማል። ይኸው መድኃኒት የእርግዝና መከላከያ እንክብልን ያዳክማል፤ እንክብል የምትወስድ ሴት ለሐኪሟ መናገር አለባት።

አስቸጋሪው ጊዜ ግን የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሳሉ ይቀንሳል፣ ሌሊት የሚያጠምቀው ላብ ይቆማል፣ እንጀራ መጣፈጥ ይጀምራል። ሰው «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቋርጠው ያኔ ነው። ያንቀላፋው ባክቴሪያ ሲነቃ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ቲቢ ሕክምና በሀገራችን በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው እንጦጦ ግርጌ ባለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው፤ ያኔ ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅና ለወራት በመርፌ የሚሰጥ ነበር።

ታማሚው እንዳያቋርጥ እንክብሉን በጤና ባለሙያ ፊት የሚውጥበት አሠራር ኢትዮጵያ ውስጥ በሙከራ የተጀመረው በ1992 (እ.ኤ.አ.) በአርሲና ባሌ ነው። አርሲ ከባቱ ሲታይ ከከተማዋ አጠገብ ካለው ሐይቅ ማዶ ነው። ዛሬ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ከአክታ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ራይፋምፒሲንን መቋቋሙንም በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የማስተላለፍ አቅም በፍጥነት ይወርዳል፤ ምስማር ላይ የቀረውን ኩባያ ሳስብ የሚያበሳጨኝ ይኸ ነው። አብረው ለኖሩት ግን ምርመራው አይቀርም፤ በተለይ ለሕፃናት፣ ካልታመሙ መከላከያ መድኃኒት አለ።

የሚያስለው ሰውዬ መቂ ላይ ወረደ። ጉንፋን ይሁን ሌላ አላውቅም። በሩ ተዘጋ፤ ወጣቱ መስኮቱን ድጋሚ አልሞከረም፣ እኔም አልሞከርኩም፤ ሰውዬው የተነፈሰውን አየር እየተነፈስን ባቱ ገባን።