ለአዲስ ገቢ ወጣቶች የተከፈተ ትምህርት ቤት

ኢንተርናሽናል ሃይስኩል በኒውዮርክ ከተማ ኩዊንስ ክፍለ ከተማ፣ ከላጓርዲያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ በ1985 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ አነስተኛ አማራጭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሚቀበለው አሜሪካ ከገቡ ብዙ ያልቆዩና እንግሊዝኛን ገና በመማር ላይ ያሉ ወጣቶችን ነው። ከመካከላቸው በአገሩ ጥሩ ውጤት የነበረው አለ፤ በጦርነት ወይም በድህነት ምክንያት ከትምህርት ገበታ ለዓመታት የራቀም አለ። አብዛኞቹ ቤተሰቦች ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው።

በክፍል ውስጥ ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ይቀመጣሉ። የአንድ አገር ልጆች የትምህርቱን ሐሳብ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተወያዩበት በኋላ በእንግሊዝኛ ይጽፉታል። እያንዳንዱ መምህር፣ የሒሳቡም ጭምር፣ የቋንቋ መምህር ነው።

ተማሪዎቹን ለምረቃ የሚያበቃቸው በዋናነት ሪጀንትስ የሚባለው የኒውዮርክ ግዛት የጽሑፍ ፈተና አይደለም። ተማሪው የሥነ ጽሑፍ ትንታኔ፣ የታሪክ ጥናት፣ የሳይንስ ሙከራና የሒሳብ ሥራ አዘጋጅቶ በገምጋሚዎች ፊት ያቀርባል፤ ጥያቄም ይመልሳል። ከእንግሊዝኛው በስተቀር ከሌሎቹ የሪጀንትስ ፈተናዎች ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ አለ።

የትምህርት ቤቱን ውጤት በአራት ዓመት ምረቃ ብቻ መለካት ግን ፍትሐዊ አይደለም። በ17 ዓመቱ አሜሪካ የገባ ልጅ ቋንቋውንም ትምህርቱንም ጎን ለጎን መያዝ አለበት፤ ሕጉም እስከ 21 ዓመቱ እንዲማር ይፈቅድለታል። ስለዚህ የአምስትና የስድስት ዓመት ቁጥሮችም አብረው መታየት አለባቸው። የዚህን ትምህርት ቤት የማስተማር አሠራር የተከተሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ተከፍተው በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ ኅብረት መሥርተዋል።