የሚያስቁን ሰዎች፤ ከጎፋ ሲታዩ

በአዲስ አበባው የጎፋ ሰፈር ቀልድ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ ተረበኛ ግን በየመንደሩ አለ። ጎፋ ማዞሪያ ላይ ተሳፋሪ የሚጠሩት የታክሲ ረዳቶች፣ ጎፋ ገብርኤል አካባቢ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ኳስ አይተው ሲመለሱ በተሸነፈው ቡድን ደጋፊ ሙድ የሚይዙ ጎረምሶች ሁሉም የራሳቸው ፉገራ አላቸው። ለቅሶ ቤት እንኳን ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይዘው የሚያመሹ የዕድር አባላት መሀል አንድ ጨዋታ አዋቂ አይጠፋም። እሱ ባለበት ሐዘንተኛው ሳይቀር ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ፈገግ ይላል።

መድረክ ላይ ማይክ ጨብጠው ከሚያስቁን ኮሜዲያን ብዙዎቹ ሙያውን የቀሰሙት ከእንዲህ ያለ ሰፈር ነው። የአማርኛ ቀልድ ትልቁ ሀብት ጆሮ ይመስለኛል። የምንወዳቸው ኮሜዲያን ሰው እንዴት እንደሚያወራ ከማንኛችንም አብልጠው ያዳመጡ ናቸው፦ የቀበሌ ሊቀመንበሩን የስብሰባ ቃል፣ የደላላውን መሐላ፣ ልጇን የምትቆጣ እናትን፣ ከውጭ አገር በመጣ በሳምንቱ አማርኛ የጠፋበትን ዘመድ። እነዚህን ድምፆች መልሰው ሲያሰሙን የምናውቀውን ሰው አገኘን ብለን እንስቃለን።

የዚህ ሁሉ አባት ተደርገው የሚጠሩት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ፎገራ ውስጥ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት እኚህ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጠቁ፣ ከተክሌ አቋቋም ጋር ስማቸው የሚነሳ፣ እስከ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ግቢ የዘለቁ ሰው ነበሩ። ሕዝቡ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ ጨዋታቸውን ይዞ ቀረ። በግብዣ ላይ ከመሶቡ አይጥ ስትወጣ ያዩበት ተረት ብዙ ቤት ይነገራል። አለቃ ባለቤቲቱን ላለማሳፈር ዝም ብለው በሉ፤ መመረቂያው ሲደርስ ግን እንጀራው ከመሶቡ «አይጥፋ» ብለው አይጧን ምርቃቱ ውስጥ ከነስሟ አስገቧት። ደግነትና ተንኮል በአንድ ቃል ሲያድሩ ማለት ይህ ነው። በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእሳቸው እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ አገር የፈጠረውን ቀልድ ሁሉ ለእሳቸው መስጠቱ በራሱ ክብር ነው። ሰምና ወርቅ ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ ወደ ጠጅ ቤት፣ ከዚያም ወደ ታክሲ የገባው በእሳቸውና በአዝማሪዎች መንገድ ነው።

ዘመናዊው መድረክም ሲጀመር በቀልድ ነው የጀመረው። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ያቀረቡት የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር፣ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ እንስሳትን እያናገረ ሹማምንቱን የሚነካ ሥራ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። ሀገር ፍቅር በ1927 ከተመሠረተ በኋላ በዘፈንና በጭፈራ መሀል አጫጭር አስቂኝ ጨዋታዎች ቦታ አገኙ። መንግሥቱ ለማ ደግሞ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ጽፈው ሳቅን ከፍ ወዳለ ሥነ ጽሑፍ አደረሱት። «የአባቶች ጨዋታ» ብለው የሰበሰቡት መጽሐፍም ዛሬ ቀልድ መጻፍ የሚፈልግ ወጣት ሊያነበው የሚገባ ነው።

በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። የቡድኑ ዋና ሥራ አብዮቱን ማወደስ ቢሆንም ልምምዱ የሚካሄደው በሰፈር አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ ለብዙ ልጅ የመጀመሪያ መድረኩ ሆነለት። ሳንሱር ስለነበር ጽሑፍ ሁሉ ይታይ ነበር። የፊት መኮሳተር፣ የዝምታ ርዝመት፣ የድምፅ ቃና ግን በወረቀት ላይ አይታይም፤ ኮሜዲያኑም ሊናገሩት የማይችሉትን በዚያ መናገር ተማሩ። በአዋጅ ቁጥር 34/1985 የፕሬስ ቅድመ ምርመራ ሲቀር ይህ ልማድ አብሮ አልቀረም፤ ዛሬም ጥሩ የሚባለው ኮሜዲያን ግማሹን ነገር ሳይናገር የሚተወው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ልቤ የሚያደላበት ነው፤ የካሴትና የቪዲዮ ዘመን። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ እንግዳዘር ነጋ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ ክበበው ገዳ፣ ዶክሌ በሚል ስም የምናውቀው ወንድወሰን ብርሃኑ፤ እነዚህ ሰዎች በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅትና በእሁድ መዝናኛ ገብተው በየቤቱ ተቀመጡ። ጎፋ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት የበዓል ዋዜማ ሲሆን የጎረቤት ልጆች ሁሉ ቤት ነበር። ሙዚቃ ቤቶች የቀልድ ካሴት ከዘፈን ጎን ደርድረው ይሸጡ ነበር፤ ቪዲዮ ቤቶችም በሳንቲም ያሳዩ ነበር። አንድ ቀልድ ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ውስጥ በሃያ ልጅ አፍ ይደገም ነበር።

ምናቸው ነው ያሳቀን? ሁለት ሆነው የሚጫወቱት ኮሜዲያን ኃይል ያለው በጠብ ላይ ነው። አንዱ አዋቂ ነኝ ይላል፣ ሌላው የገባው አይመስልም፤ ትንሽ ቆይቶ የተሞኘው አዋቂው ሆኖ ይገኛል። ይህ የመንደር ክርክር ቅርጽ ነው፤ ጠጅ ቤትም፣ የዕድር ስብሰባም ላይ ያለ። አለባቸውና ልመነህ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚያዳምጥበት መንገድ ራሱ ቀልድ ነበር፤ ሳቁ ከተናጋሪው ይልቅ ከአድማጩ ፊት ላይ ይመጣል። ተስፋዬ ካሳ ደግሞ የተለየ ነው። ብቻውን ቆሞ ብዙ ሰው ይሆናል፤ ልብስ ሳይቀይር፣ ዕቃ ሳይዝ፣ በድምፁ ብቻ ታሪኩን በሰው ይሞላዋል። ዛሬ ስታንድአፕ የምንለውን በአማርኛ ማን ሙሉ አደረገው ብትሉኝ መልሴ እሱ ነው። ክበበው ገዳ ቀልዱን እንደ ተራ ወሬ ይጀምረዋል፤ ሰሚው ጨዋታ መጀመሩን ሳያውቅ መሀሉ ላይ ያገኘዋል። ከእነሱ በኋላ የመጣው ፍልፍሉ (በረከት በቀለ) ፍጥነትና የሰውነት እንቅስቃሴ ጨመረበት፤ የእሱን ቀልድ በጆሮ ብቻ የሰማ ግማሹ ያመልጠዋል።

ከዚህ ውርስ ውስጥ የማልወደውም አለ። የገጠር ሰው ዘዬ፣ የሌላ ብሔረሰብ አባል አማርኛ ሲናገር ያለው ቅላጼ፣ የአካል ጉዳት፣ ነጠላ ለብሶ ሴት መምሰል ለረጅም ጊዜ ቀላል የሳቅ ምንጭ ነበሩ። ጎፋ ስሙን ያገኘው ከደቡብ ከመጡ ሰዎች ነው፤ ዛሬም ጉራጌው፣ ወላይታው፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ደረጃ ላይ በር ለበር ይኖራሉ። እንዲህ ባለ ሰፈር ቅላጼን ብቻ ይዞ ማሳቅ ጎረቤትን ማሳነስ ይሆናል። ማስመሰል ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ኖዋ የሰውን ቅላጼ እያስመሰለ ነው ዓለም ያወቀው፤ በሱ ጨዋታ ግን ቅላጼው ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ብልሁ ነው። ልዩነቱ ማን ያሸንፋል የሚለው ላይ ነው። ሴቶችም ብቻቸውን ማይክ ይዘው የሚቆሙበት መድረክ አሁንም ጠባብ ነው፤ ቀልድ የምታውቅ ሴት ግን ቡና ከሚጠጣበት ቤት ሁሉ አትጠፋም።

ስለ ቀልድ ሲወራ የሚረሳ አንድ ዘርፍ አለ፤ ወግ። መስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎች» ብለው የጻፏቸው ወጎች ተራውን የከተማ ሰው በፍቅር እያዩ የሚያስቁ ናቸው። በዕውቀቱ ስዩም ይህንኑ ወግ ከገጽ አውጥቶ መድረክ ላይ አቆመው። ወረቀቱን ይዞ፣ ረጋ ብሎ፣ ራሱንና አገሩን አብሮ እየተረበ ሲያነብ አዳራሹ የሚስቀው ካሰበ በኋላ ነው። አቤ ቶኪቻው በጋዜጣ ዓምዱ ፖለቲከኞችን ሲተርብ ቆይቶ እስከ ስደት ደርሷል፤ ሳቅ ዋጋ የሚያስከፍል ሥራ መሆኑን ያየንበት አንዱ ምሳሌ ነው።

አለባቸው ተካ «አለቤ ሾው»ን ሲጀምር ኮሜዲያን የቶክ ሾው አዘጋጅ መሆን እንደሚችል አሳየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በመኪና አደጋ ሲያልፍ መንገዱ ተከፍቶ ነበር፤ ሰይፉ ፋንታሁን በኢቢኤስ፣ ሌሎችም በየጣቢያው ተከተሉ። ከአስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማዎች «ቤቶች» የቤተሰብን ጨዋታ፣ «ምን ልታዘዝ» ደግሞ በአንድ ካፌ ውስጥ የአገሪቱን ፖለቲካ ይዘው መጡ። እሸቱ መለሰ ከስታንድአፕ ተነስቶ «ዶንኪ ቲዩብ» የተባለውን የዩቲዩብ ቻናል ሠራ፤ «ድንቅ ልጆች» በተባለው ዝግጅቱ ላይ ከሕፃናት ጋር ሲጫወት የሚያስቀን ቀልዱ ሳይሆን ሕፃኑ የሚለውን አክብሮ መስማቱ ነው። በ2017 ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በቀጥታ ሥርጭት ያሰባሰበው ገንዘብ ሕዝቡ አንድን ኮሜዲያን ምን ያህል እንደሚያምን አሳይቷል።

ቲክቶክ ለጎፋ ልጅ ስልኩን መድረክ አድርጎለታል፤ ደስ ይለኛል። ሆኖም የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የአንድ ሰዓት ጨዋታን አያስተምርም። ታሪክ መገንባት፣ ያልሳቀ አዳራሽ ፊት መቆም፣ የወደቀ ቀልድን አስተካክሎ በሳምንቱ መመለስ ሰው ፊት ብቻ የሚለመድ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ዳንኤል ንዳምቡኪ «ቸርችል ሾው»ን በተመልካች ፊት እየቀረጸ ለብዙ አዳዲስ ኮሜዲያን በር ከፈተ። አዲስ አበባ ግን ወጣት ኮሜዲያን በየሳምንቱ ሄዶ የሚሞክርበትን ቤት ገና ባህል አላደረገችም፤ በዓል ካልሆነ፣ ሠርግ ካልተጠራ፣ ስፖንሰር ካልተገኘ መድረክ የለም።

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ወረዳዎች የወጣት ማዕከልና የስብሰባ አዳራሽ አላቸው። በወር አንድ ምሽት ለሰፈሩ ቀልደኛ ይከፈት፤ ወጪው ማይክና ወንበር ነው። አንባቢዬም ቤትህ ሳጥን ውስጥ የአለባቸውና ልመነህ ወይም የተስፋዬ ካሳ የቆየ ካሴት ካለ አትጣለው። የካሴት ክር ይበላሻል፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ክሩ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠው፣ አንድ ቅጂም ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ስጥ።